በተከፋፈለ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ ሕግ እንዴት ይጸድቃል? ከአሜሪካ ኮንግረስ አሠራር የተቀዳ መመሪያ

በአሜሪካ ፕሬዚዳንቱ ከአንዱ ፓርቲ ሆኖ ከሁለቱ ምክር ቤቶች ቢያንስ አንዱ በሌላው ፓርቲ እጅ ሲሆን መንግሥቱ ተከፋፍሏል ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲህ እስከ ቀጣዩ ምርጫ ነው» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። የሆነው ግን ሌላ ነው። የ1972ቱ የንጹሕ ውሃ ሕግ፣ የ1990ው የንጹሕ አየር ሕግ ማሻሻያ፣ የ2016ቱ የኬሚካል ደኅንነት ሕግ፣ የ2020ው የማቀዝቀዣ ጋዞች ቅነሳ ሁሉም የወጡት ሥልጣን ለሁለት ተከፍሎ ሳለ ነው (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በአንጻሩ በ2009 ዴሞክራቶች ዋይት ሀውስንና ሁለቱንም ምክር ቤቶች ይዘው ሳለ ሰፊው የአየር ንብረት ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት 219 ለ212 ካለፈ በኋላ ሴኔት ውስጥ ድምፅ እንኳ ሳይሰጥበት ቀረ። ስለዚህ ከማን ሥልጣን መያዝ ይልቅ ረቂቁ እንዴት እንደተሠራ ይወስናል።

መጀመሪያ ቆጠራ

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ከመጻፍ መቁጠር ይቅደም። የሚያስፈልጉት ቁጥሮች ሦስት ናቸው። በተወካዮች ምክር ቤት ከ435ቱ 218፤ በሴኔት ክርክሩን ለመዝጋት ከ100ው 60፤ ከዚያ የፕሬዚዳንቱ ፊርማ። ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም ካለ በየምክር ቤቱ ድምፅ ከሚሰጡት ሁለት ሦስተኛው ያስፈልጋል።

የመቶውን ሴናተሮች ስም በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩና በአምስት ዓምድ ይክፈሏቸው፦ በእርግጥ የሚደግፉ፣ ወደ ድጋፍ የሚያጋድሉ፣ ያልታወቁ፣ ወደ ተቃውሞ የሚያጋድሉ፣ በእርግጥ የሚቃወሙ። ከሁሉም የሚጠቅመው ስድስተኛው ዓምድ ነው፤ ከእያንዳንዱ «ያልታወቀ» ስም አጠገብ ሴናተሩ በሚወክለው ስቴት ውስጥ ረቂቁ የሚነካውን ፋብሪካ፣ እርሻ፣ ማዕድን ወይም የባሕር ዳርቻ ይጻፉ። ይህ ዓምድ ባዶ ከሆነ ያ ሰው የፓርቲውን መስመር ተከትሎ ድምፅ ይሰጣል ብለው ይቁጠሩት። ለ60 ብሎ መሥራት አደገኛ ነው። የታመመ፣ አውሮፕላን ያመለጠው፣ በመጨረሻው ሰዓት የሚያፈገፍግ ስለማይጠፋ ከ65 በታች በሆነ ዝርዝር ወደ ምክር ቤት አይግቡ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። የ2022ቱ ትልቅ የንጹሕ ኃይል ሕግ በሴኔት በምክትል ፕሬዚዳንቷ ድምፅ ታክሎ 51 ለ50 ስላለፈ 60 ድምፅ የግድ አይደለም የሚሉ አሉ። ያ ሕግ ያለፈው የበጀት ጉዳይ በሴኔት በተራ አብላጫ ድምፅ እንዲያልፍ በሚፈቅደው በበጀት ማስታረቂያ ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱ የሚሠራው ሁለቱም ምክር ቤቶችና ፕሬዚዳንቱ በአንድ ሐሳብ ሲሆኑ ነው። ከዚያም በላይ በዋናነት የገቢና የወጪ ጉዳይ ያልሆነ አንቀጽ ከዚያ ውስጥ ተቆርጦ ይወጣል። የልቀት ደረጃ ወይም የኬሚካል ክልከላ በዚያ በር አይገባም።

የትኛውን ጉዳይ ይምረጡ?

በተከፋፈለ መንግሥት የሚጸድቁት ሕጎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ የጋራ መልክ አላቸው፦ ኢንዱስትሪው ራሱ ሕጉን ፈልጎት ነው የሚመጣው። የሚያመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የስቴቶች ሕግ መብዛት ነው።

በፊት መታጠቢያና በጥርስ ሳሙና ውስጥ የነበሩትን ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች እንውሰድ። ኢሊኖይ በ2014 ቀድማ ከለከለች፤ ሌሎች ተከተሉ፤ ካሊፎርኒያ በ2015 ከሁሉም የጠበቀውን ሕግ አወጣች። አምራቾቹ በየስቴቱ የተለያየ ሳሙና ከመሥራት አንድ የፌዴራል ሕግ ይሻለናል አሉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ኮንግረሱ በሪፐብሊካኖች እጅ፣ ፕሬዚዳንቱ ኦባማ ሆነው ሕጉ ያለ ጭቅጭቅ አለፈ። ማምረት ከጁላይ 1 ቀን 2017፣ ሽያጭ ከጁላይ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ተከለከለ። ሕጉ ለማንበብ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ አጭር ጽሑፍ ነው። ዋጋውም አለው፦ የፌዴራሉ ሕግ የስቴቶቹን ሕግ ሻረ።

ይህ መሻር የድርድሩ ዋና ገንዘብ ስለሆነ በመጀመሪያው ስብሰባ አይስጡት። የ2016ቱ የኬሚካል ሕግ ድርድር እጅግ የከረረው በዚሁ ነጥብ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ቀን «የስቴቶችን ሕግ መሻር እንቀበላለን» ካሉ በሦስተኛው ወር ጥብቅ ደረጃ ለመጠየቅ የሚከፍሉት አይኖርዎትም። መሻሩን በጊዜና በጉዳይ ገድቦ መስጠት ይቻላል፤ ለምሳሌ ለተወሰኑ አጠቃቀሞች ብቻ፣ ለአምስት ዓመት ብቻ።

ሁለት አቅራቢዎች፣ ሁለት ፓርቲዎች

ረቂቁን አንድ ዴሞክራትና አንድ ሪፐብሊካን አብረው ያቅርቡት። «ጥሩ ሰው ነው» የሚባል ሪፐብሊካን መፈለግ ብዙ አያዋጣም፤ ሕጉ በስቴቱ ውስጥ ሥራ የሚያመጣለትን ይፈልጉ። ኤችኤፍሲ የተባሉትን የማቀዝቀዣ ጋዞች የሚቀንሰውን ረቂቅ ያቀረቡት ከዴላዌር ዴሞክራቱ ቶም ካርፐር፣ ከሉዊዚያና ሪፐብሊካኑ ጆን ኬኔዲ ነበሩ። ተተኪውን ጋዝ ከሚሠሩት አንዱ ኬሙርስ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዴላዌር ነው፤ ሌላው ሃኒዌል ፋብሪካው ሉዊዚያና ነው። ከዚህ የበለጠ ምክንያት ፍለጋ መድከም አያስፈልግም።

የምርጫ ዓመትም ይመልከቱ። በ2020 ለብሔራዊ ፓርኮች ጥገናና ለመሬትና ውሃ ጥበቃ ፈንድ ገንዘብ ያስገኘውን ሕግ የገፉት የኮሎራዶው ኮሪ ጋርድነርና የሞንታናው ስቲቭ ዴይንስ ነበሩ፤ ሁለቱም በዚያ ዓመት ጠንካራ ፉክክር የገጠማቸው ሪፐብሊካኖች። የሴኔቱ ውጤት 73 ለ25፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ 310 ለ107 ሆነ። ፈንዱ በየዓመቱ 900 ሚሊዮን ዶላር በቋሚነት አገኘ። ገንዘቡ ከባሕር ላይ የነዳጅና የጋዝ ገቢ የሚመጣ በመሆኑ «ግብር ጨመራችሁ» የሚል ክስ የሚነሳበት ቀዳዳ አልነበረም። የገንዘብ ምንጭ ሲመርጡ ይህን ያስታውሱ።

ጽሑፉ ወደየትኛው ኮሚቴ ይሄዳል?

ረቂቅ ወደ ኮሚቴ የሚመራው በርዕሱ አይደለም፤ የትኛውን ነባር ሕግ እንደሚያሻሽል ታይቶ ነው። በተወካዮች ምክር ቤት የአየርና የኬሚካል ጉዳይ ወደ ኢነርጂና ንግድ፣ የፌዴራል መሬት ወደ ተፈጥሮ ሀብት፣ የንጹሕ ውሃ ሕግ ወደ ትራንስፖርትና መሠረተ ልማት ኮሚቴ ይሄዳል። የግብር ቅናሽ አንዲት መስመር ከገባች ደግሞ የግብር ኮሚቴው ድርሻውን ይጠይቃል። ሦስት ኮሚቴ የሚነካ ረቂቅ ሦስት ሰብሳቢዎች በየፊናቸው ሊያስቀምጡት የሚችሉት ረቂቅ ነው። ስለዚህ የምክር ቤቱ የሕግ አርቃቂዎች ቢሮ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሲያዘጋጅ ሰብሳቢው ወዳጅ የሆነበትን ኮሚቴ ብቻ እንዲነካ አድርገው ያስጽፉ። የማይመቸውን አንቀጽ አውጥተው ለሌላ ረቂቅ ያቆዩት።

ርዕሱ ላይ «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚል ሐረግ መኖር አለበት ብለው የሚሟገቱ የራስዎ ወገኖች ይኖራሉ። በዚህ አይሸነፉ። የማቀዝቀዣ ጋዞቹ ሕግ ስሙ ላይ ያለው ፈጠራና ማምረቻ ነው፤ ውስጡ ግን አየሩን የሚያሞቁትን ጋዞች እስከ 2036 በ85 በመቶ ይቀንሳል።

የሚጎዳውን መካስ

ከሁሉም ከባዱ ይህ ነው፤ ጥሩ ትምህርት ያለውም በ1990ው የንጹሕ አየር ሕግ ማሻሻያ ነው። ፕሬዚዳንቱ ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ አባት፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች በዴሞክራቶች እጅ። ጠቡ ግን በፓርቲ መካከል ብቻ አልነበረም። የሚሺጋኑ ጆን ዲንግል የመኪና ፋብሪካዎችን፣ የሎስ አንጀለሱ ሄንሪ ዋክስማን በጭስ የታፈነችውን ከተማውን ይዘው አንድ ፓርቲ ውስጥ ሆነው ለዓመታት ተፋጥጠው ነበር። በሴኔት ደግሞ የዌስት ቨርጂኒያው ሮበርት በርድ የከሰል ማዕድን ሠራተኞችን ይዞ ቆመ።

የሴኔቱ የብዙኃን መሪ ጆርጅ ሚቸል ረቂቁ 60 ድምፅ እንደሌለው ባየ ጊዜ ከአደባባይ አወጣው። በ1990 መጀመሪያ ላይ ከዋይት ሀውስ ሰዎችና ከሴናተሮች ጋር በቢሮው ተዘግቶ ለሳምንታት ተደራደረ። በዚህ ዓይነት ድርድር የሚገባው ግዴታ አንድ ነው፦ የተስማሙት በሙሉ ወደ ምክር ቤቱ አዳራሽ ሲወጡ ስምምነቱን የሚያፈርስ ማሻሻያን፣ ቢወዱትም እንኳ፣ ይቃወማሉ። ይህን ግዴታ በግልጽ ሳያስገቡ ከክፍሉ አይውጡ።

ፈተናው ወዲያው መጣ። በርድ ሥራ ለሚያጡ የከሰል ሠራተኞች ከፍ ያለ ካሳ የሚሰጥ ማሻሻያ አቀረበ። ዋይት ሀውስ ይህ ከገባ ሕጉን ውድቅ እናደርጋለን አለ። ድምፁ 49 ለ50 ሆነ፤ ማሻሻያው በአንድ ድምፅ ወደቀ። ለሠራተኞቹ የተረፈው በመጨረሻው ሕግ የገባው ለአምስት ዓመት በየዓመቱ 50 ሚሊዮን ዶላር የሥልጠናና የድጋፍ ፈቃድ ነው። የሠራተኛው ካሳ ፕሬዚዳንቱ ከሚችለው በላይ ሲሆን ሠራተኛው ጥቂቱን ያገኛል ወይም ሕጉ ራሱ ይሞታል፤ መጠኑን ከዋይት ሀውስ የበጀት ሰዎች ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት።

ከሰል ለሚያነዱት ኃይል ማመንጫዎች ግን ካዝና ሳይነካ የሚከፈል ሌላ ገንዘብ ተገኘ፦ የልቀት ፈቃድ። ሕጉ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ልቀትን ከ1980 መጠን በ10 ሚሊዮን ቶን እንዲቀንስ አዘዘና በአገር ደረጃ ጣሪያ አበጀ። ከጣሪያው ሥር ያለው ፈቃድ ደግሞ የሚሸጥ የሚለወጥ ሆነ። ኢሊኖይ፣ ኢንዲያናና ኦሃዮ ውስጥ ላሉ ማመንጫዎች በመጀመሪያው ምዕራፍ በየዓመቱ 200,000 ተጨማሪ ፈቃድ ተሰጠ። ጭስ ማጣሪያ ለሚተክሉ ሌላ ጉርሻ ተዘጋጀ። ጣሪያው ሳይነሳ የማን ድርሻ ይብዛ የሚለው ብቻ መደራደሪያ ሆነ። የመካከለኛው ምዕራብ ሴናተሮች ለሕዝባቸው የሚያሳዩት ነገር አገኙ፤ አካባቢውም የተባለውን ቅነሳ አገኘ። የመጨረሻው ውጤት በሴኔት 89 ለ10፣ በተወካዮች ምክር ቤት 401 ለ25።

እንግዲህ ረቂቅዎ ውስጥ እንዲህ የሚከፋፈል ነገር ይፈልጉ፦ የፈቃድ ድርሻ፣ የመሸጋገሪያ ዓመታት፣ አስፈላጊ ለሆኑ አጠቃቀሞች የሚተው ጊዜያዊ ኮታ። በማቀዝቀዣ ጋዞቹ ሕግ ለአስም መተንፈሻ መድኃኒት፣ ለአውሮፕላን እሳት ማጥፊያና ለመሰሎቻቸው ቅድሚያ ተሰጠ፤ አጠቃላይ መጠኑ ግን አልተነካም። አጠቃላይ መጠኑን የሚያሰፋ ልዩ ፈቃድ ከተጠየቀ እምቢ ይበሉ።

ብቻውን ወይስ በባቡር?

በጣም ጠባብና ተቃዋሚ የሌለው ረቂቅ ብቻውን ይሄዳል። በተወካዮች ምክር ቤት መደበኛው ደንብ ታግዶ በ40 ደቂቃ ክርክር፣ ያለ ማሻሻያ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያልፋል። በሴኔት ደግሞ በሙሉ ስምምነት ያልፋል፤ ረቂቁ ለሁሉም ቢሮ ይላካል፣ ማንም ካልተቃወመ አለቀ። አንድ ሴናተር «ሆልድ» (ይያዝልኝ) ካለ ግን ይቆማል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ «ምን ቢሻሻል ይለቃሉ?» ነው፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ከረቂቁ ጋር ግንኙነት የሌለው፣ በሌላ መሥሪያ ቤት የተያዘ ደብዳቤ ሆኖ ይገኛል።

ክርክር ካለበት ሒሳቡ ይለወጣል። ክርክር ለመዝጋት 16 ሴናተሮች ይፈርማሉ፣ አንድ የሥራ ቀን ያልፋል፣ 60 ድምፅ ይሰጣል፣ ከዚያ እስከ 30 ሰዓት ይጠበቃል። ይህም ረቂቁን ለውይይት ለማቅረብ አንዴ፣ ለራሱ ለረቂቁ ሌላ ጊዜ ሊደገም ይችላል። ለአንድ ረቂቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ይሄዳል ማለት ነው፤ የብዙኃን መሪው ይህን ሳምንት ለሌላው ፓርቲ ፕሬዚዳንት ድል በነጻ አይሰጥም።

ስለዚህ ባቡር ይፈለጋል፤ ማለትም በምንም ዓይነት ሳይጸድቅ የማይቀር ሕግ። ዋናዎቹ የዓመቱ የበጀት ጥቅልና ዓመታዊው የመከላከያ ሕግ ናቸው። የማቀዝቀዣ ጋዞቹ ረቂቅ በ2020 መጀመሪያ ከአንድ የኢነርጂ ረቂቅ ጋር ሊያያዝ ተሞክሮ ሁለቱም ቆሙ፤ በዲሴምበር 27 ግን በበጀት ጥቅሉ ውስጥ ሆኖ ተፈረመ። በዲሴምበር 2015 ደግሞ ሪፐብሊካኖች የ40 ዓመቱን የነዳጅ ድፍድፍ ወጪ ንግድ እገዳ አስነሱ፣ ዴሞክራቶች ለፀሐይና ለነፋስ ኃይል የግብር ድጋፉን ለዓመታት አስቀጠሉ። ሁለቱም የሚጠሉትን አንቀጽ ዋጠው በአንድ ሰነድ ላይ ድምፅ ሰጡ። የመሬት ጥበቃ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ፤ በ2019 ከመቶ በላይ ትንንሽ ረቂቆች በአንድ ላይ ታስረው በሴኔት 92 ለ8 አለፉ፤ ብዙዎቹ ሴናተሮች ውስጡ የራሳቸው ሸለቆ ወይም ወንዝ ነበራቸውና።

ባቡር ላይ ሲሳፈሩ ጽሑፉ፣ የኮንግረስ የበጀት ቢሮ ግምትና የሁለቱ ኮሚቴ ሰብሳቢዎችና የተቃዋሚ አቻዎቻቸው ፈቃድ ከኦክቶበር በፊት ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በ2019 በመከላከያው ሕግ ውስጥ ለዘመናት የማይበሰብሱትን ፒፋስ የተባሉ ኬሚካሎች የሚመለከቱ አንቀጾች ገብተው ነበር። ጦሩ በእነሱ የተሠራውን የእሳት ማጥፊያ አረፋ እስከ ኦክቶበር 1 ቀን 2024 እንዲተው የሚያዘው ተረፈ፤ ስምምነት ያልተቋጨበትና ኬሚካሎቹን በሙሉ በሕግ አደገኛ ንጥረ ነገር የሚያሰኘው ግን በመጨረሻው ድርድር ወደቀ።

በዚሁ ባቡር የሚሳፈሩት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። በአፕሪል 2011 የበጀት ሕግ ውስጥ በገባ አንድ አንቀጽ የሰሜን ሮኪ ተራሮች ተኩላ ከሚጠበቁ እንስሳት ዝርዝር ወጣ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት እንዳይታይ ታገደ። ጽሑፉ በታተመ በሰዓታት ውስጥ መስመር በመስመር የሚያነቡ ሁለት ሰዎች ሌሊቱን ተረኛ ያድርጉ።

የሰዓቱ ጉዳይ

የአንድ ኮንግረስ ዕድሜ ሁለት ዓመት ነው፤ ጃንዋሪ 3 ሲመጣ ያልጸደቀው ሁሉ ይሞታል። ኦገስት ዕረፍት ነው። የምርጫ ዓመት ከሴፕቴምበር በኋላ ማንም አደገኛ ድምፅ አይሰጥም። ከምርጫው በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት ግን ወርቅ ናቸው፤ ተሰናባቾች የሚፈሩት የለም።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ፕሬዚዳንቱ ለመፈረም እሑድን ሳይጨምር 10 ቀን አለው። በዚያ መካከል ኮንግረሱ ከተበተነ ያልተፈረመው ረቂቅ በኪስ ውስጥ ይሞታል፤ መልሶ ድምፅ የሚሰጥበት አካል የለም። በ1986 የውሃ ጥራት ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት 408 ለ0፣ በሴኔት 96 ለ0 አልፎ ፕሬዚዳንት ሬገን በኪሱ ገደለው። አንድም ተቃዋሚ ያልነበረው ሕግ! በ1987 መጀመሪያ እንደገና ቀረበ፤ እንደገና ውድቅ አደረገው፤ አሁን ግን ኮንግረሱ ቦታው ስለነበረ 401 ለ26 እና 86 ለ14 ሽሮት ሕግ ሆነ። ፕሬዚዳንቱን ካላመኑ ረቂቁ ኮንግረሱ ከመበተኑ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ጠረጴዛው ላይ እንዲደርስ ያድርጉ።

ስልኩ ከየት ይደወል?

የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ኢትዮጵያውያን ማኅበራት ወደ ሴናተሮቻቸው ቢሮ መደወልን ከአገር ቤት ጉዳይ የተነሳ በደንብ ያውቁታል። እዚህ ግን «በእርግጥ የሚደግፉ» በሚለው ዓምድ ላይ ላለ ሴናተር መቶ ጊዜ መደወል ድምፅ አይጨምርም። የሚቆጠረው ገና ካልተያዘ ስቴት፣ ለምሳሌ ከቴክሳስ ከተሞች ከዳላስ ወይም ከሂውስተን የሚደወለው ነው፤ ደዋዩ የዚያ ስቴት መራጭ ሆኖ፣ የረቂቁን ቁጥር ጠርቶ፣ አንድ ነገር ብቻ ሲጠይቅ («ተባባሪ አቅራቢ ይሁኑልን»)። ከአካባቢ ተቆርቋሪ ይልቅ የጭነት መኪና ባለቤት፣ የሬስቶራንት ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ወይም የሆስፒታል ነርስ ቢደውል የሴናተሩ ረዳት ማስታወሻ ይይዛል።

ከፊርማ በኋላ

ሕጉ ውስጥ «ማድረግ ይችላል» የሚል ቃል ካለ ቀጣዩ አስተዳደር አያደርገውም። «ያደርጋል» ብሎ ቀን ይጻፉ። የማቀዝቀዣ ጋዞቹ ሕግ ለአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው 270 ቀን ሰጠው፤ ደንቡ በ2021 ሴፕቴምበር ወጣ። ትርጓሜዎችንም ለኤጀንሲው አይተዉ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ2022ና የ2024 ውሳኔዎች ካለፉ ወዲህ ዳኞች ለኤጀንሲው አተረጓጎም እንደ ድሮው አያዘነብሉም፤ የኬሚካሉ ስም፣ መጠኑና የመለኪያው መነሻ ዓመት በሕጉ ሰንጠረዥ ውስጥ ይኑሩ።

ገንዘብ መፍቀድና ገንዘብ መመደብ የተለያዩ ናቸው። የፈቀደው ሕግ ቢጸድቅም የበጀት ኮሚቴው በየዓመቱ ካልመደበ ባዶ ነው፤ ቋሚ ምንጭ ካላገኙ በየፀደዩ ለበጀት ንዑስ ኮሚቴዎቹ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ይመድቡ።

የመጨረሻው የቀን ሒሳብ ይህ ነው፦ ኤጀንሲው ደንብ የሚያወጣበት ቀነ ገደብ በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ላይ እንዳይወድቅ። በዚያ ጊዜ የወጣ ደንብ አዲሱ ኮንግረስ ሲገባ በልዩ ሥርዓት በተራ አብላጫ ድምፅ ሊሻር ይችላል፤ የ60ው ድምፅ ጋሻ እዚያ አይሠራም። አንዴ የተሻረ ደንብ ደግሞ ኮንግረሱ በአዲስ ሕግ ካልፈቀደ በቀር በተመሳሳይ መልክ ተመልሶ አይወጣም። ስለዚህ ረቂቁን ሲጽፉ ካሌንደር ፊትዎ ዘርግተው ከሚፈረምበት ከሚገምቱት ቀን ይቁጠሩና፣ 18 ወር የሚለው ምርጫው ላይ የሚጥል ከሆነ 12 ብለው ይጻፉ።